«አሮጌ ፒክአፕ ማን ይሰርቃል?» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«አሮጌ ፒክአፕ ማን ይሰርቃል?» በሚል ርእስ የቀረበ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን በመኪና ባለቤቶች ዘንድ ሲነበብ ሰንብቷል። ጸሐፊው ሐሳባቸውን በስድስት ነጥቦች አስቀምጠዋል። ሌባ የሚፈልገው አዲስ መኪና ስለሆነ ሃያና ሠላሳ ዓመት ላገለገለ ፒክአፕ መጨነቅ አያስፈልግም ይላሉ። የግድ ጥንቃቄ ይደረግ ከተባለም ሞተሩን አዙሮ ወደሚያስነሣው ሞተሪኖ በሚሄደው ሽቦ ላይ የተደበቀ ማጥፊያ መግጠም ወይም የነዳጁን ቱቦ በሩቢኔት (በእጅ በሚዞር መዝጊያ) መዝጋት ይበቃል፤ የመሪ ቁልፍ በመጋዝ ስለሚቆረጥ ከንቱ ወጪ ነው፤ ጂፒኤስ ያስገጠመ ሰው ሌላ ነገር አያስፈልገውም፤ ዘበኛ ባለበት ግቢ የሚያድር መኪና አይነካም፤ በመጨረሻም ኢንሹራንስ እስካለ ድረስ መኪናው ቢሰረቅ እንኳ ኪሳራው የባለቤቱ አይደለም ይላሉ። ጸሐፊው ለአንባቢው ኪስ አስበው እንደጻፉ ከአቀራረባቸው ይታያል፤ ስለዚህም አክብሮቴን ሳልነፍጋቸው ነው የምቃወማቸው። ከስድስቱ ነጥቦች አንዱን በከፊል እቀበላለሁ። የቀሩት የተሳሳቱ ናቸው፤ ሁለተኛው ደግሞ ባለቤቱ መኪናውን የጠበቀ እየመሰለው ክፍት አድርጎ እንዲተወው ስለሚያደርግ ከሁሉም የከፋ ነው። የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ እንጀራዬ በመሆኑ፣ እንዲህ ያለው ምክር ሲስፋፋ እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ሌባ አሮጌ መኪና አይፈልግም» የሚለው የመጀመሪያ ነጥብ የተመሠረተው ሌባው መኪናውን የሚወስደው ሊነዳው ነው በሚል ግምት ላይ ነው። እስቲ በየመንገዱ የምናየውን ቶዮታ ሃይሉክስ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 1997 ገደማ የተሠራው አምስተኛው ትውልድና ከእርሱ ቀጥሎ እስከ 2005 ድረስ የተሠራው ስድስተኛው ትውልድ፣ ባለ 2.8 ሊትሩን 3ኤል ወይም ባለ 3.0 ሊትሩን 5ኤል የናፍጣ ሞተር ይዘው፣ ዛሬም በግንባታ፣ በእርሻና በንግድ ሥራ ተሰማርተው ይገኛሉ። ሁለቱ ሞተሮች የአንድ ቤተሰብ ስለሆኑ ብዙው ዕቃቸው ከአንዱ ወደ ሌላው ይገጥማል። ፒክአፑ ተፈትቶ ሲበታተን ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ዲፈረንሻሉ፣ የናፍጣ ፖምፓው፣ በሮቹ፣ መብራቶቹና ካሶኒው ሁሉም ለየብቻ ፈላጊ አላቸው። የአዲስ መኪና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ከሌላ መኪና ጋር እንዲግባባ ኮምፒውተርና ባለሙያ ይፈልጋል፤ የ5ኤል ሞተር ግን አንድ ጎበዝ መካኒክና ረዳቱ ካሉ ውሎ ሳያድር ሌላ ሻንሲ ላይ ይቀመጣል።

ሶማሌ ተራን የረገጠ ሰው ያገለገለ የመኪና ዕቃ ምን ያህል ተፈላጊ እንደሆነ አይጠፋውም። እዚያ በሐቅ የሚነግዱ ብዙ ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን ገዢው ዕቃው ከየት እንደመጣ ሳይጠይቅና ደረሰኝ ሳይቀበል ርካሹን ባነሣ ቁጥር የነገውን ስርቆት ዛሬ ከፍሎበታል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 682 በወንጀል የተገኘ ንብረት መቀበልንና መግዛትን ራሱን በቻለ ወንጀልነት ማስቀመጡን ብዙ የመኪና ባለቤቶች አያውቁም፤ ጸሐፊውም ይህንን ሊነግሯቸው ይገባ ነበር።

የዋጋውም ነገር አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አገልግለው በሚገቡ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር የምንዛሪ ተመን ለገበያ ተለቋል። እነዚህ ሦስቱ ሲደራረቡ ቀድሞ የገባ መኪና፣ ያረጀውም ጭምር፣ እንደ ሌላው አገር በየዓመቱ ዋጋው እየወረደ የሚሄድ አልሆነም። ጸሐፊው «አሮጌ» ሲሉ ርካሽ ማለታቸው ከሆነ፣ የደላላን ስልክ አንድ ጊዜ መደወል ይበቃቸዋል።

ከሁሉ በላይ ግን አሮጌው መኪና ለሌባ የሚመቸው በአሠራሩ ነው። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ1998፣ በአውስትራሊያ ከ2001፣ በካናዳ ከ2007 ጀምሮ አዳዲስ መኪኖች ኢሞቢላይዘር የተባለውን መከላከያ ይዘው እንዲወጡ በሕግ ተደንግጓል። በቁልፉ ራስ ውስጥ የተቀበረች ትንሽ ቺፕ ለሞተሩ ኮምፒውተር መለያዋን ካልነገረች ሞተሩ አይነሣም። 3ኤልና 5ኤል ግን የሚነሡትም የሚጠፉትም ያለ ኮምፒውተር ስለሆነ፣ የቁልፉን መለያ የሚጠይቅ አካል በውስጣቸው የለም። የአሜሪካንም ልምድ ማየት ይቻላል። በዚያ አገር የመኪና ስርቆትን የሚከታተለው የመድን ድርጅቶች ማኅበር እ.ኤ.አ. ለ2021 ባወጣው ዝርዝር አንደኛና ሁለተኛ የወጡት የሸቭሮሌትና የፎርድ ትልልቅ ፒክአፖች ሲሆኑ፣ ከእነርሱም ውስጥ በብዛት የተሰረቁት የ2004 እና የ2006 ሞዴሎች ነበሩ። አዲስ መኪና በሞላበት አገር ሌባው ወደ አሮጌው ፒክአፕ ካዘነበለ፣ አሮጌው በበዛበት አገር ይተወዋል ብሎ ማሰብ አይቻልም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ፤ እዚህ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት እፈልጋለሁ። ጸሐፊው በሞተሪኖው ሽቦ ላይ የተደበቀ ማጥፊያ ይበቃል ሲሉ የቤንዚንንና የናፍጣን ሞተር ሳይለዩ ነው የጻፉት። የናፍጣ ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው በካንዴላ ብልጭታ አይደለም፤ አየሩ በከፍተኛ ግፊት ሲታመቅ በሚፈጠረው ሙቀት ናፍጣው ራሱ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ሞተሩ በሆነ መንገድ መዞር ከጀመረና ናፍጣ ካገኘ ሥራውን ይቀጥላል። የሞተሪኖው ሥራ ሞተሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ማዞር ብቻ ነው፤ ይህን ደግሞ ሦስት ሰው ገፍቶ ወይም መኪናው በቁልቁለት ተንከባሎ በማርሽ ሊያደርገው ይችላል። ሽሮ ሜዳ ወይም ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር ከበሩ ደጅ መኪና የሚያሳድር ሰው ሞተሪኖውን ቢቆልፍ፣ ቁልቁለቱ ራሱ ለሌባው ሞተሪኖ ይሆንለታል። ገና ሥራ የጀመረ የጋራዥ ረዳት እንኳ ባትሪው የደከመ ናፍጣ መኪና በግፊ እንዴት እንደሚነሣ ያውቃል።

በእነዚህ ሞተሮች ላይ ኤሌክትሪክ የግድ የሚያስፈልግበት ቦታ ሌላ ነው። በናፍጣ ፖምፓው ላይ የአውራ ጣት ያህል የሆነች የነዳጅ መቁረጫ ሶሌኖይድ አለች። ቁልፉ ሲከፈት 12 ቮልት ይደርሳትና ውስጧ ያለውን መዝጊያ አንሥታ ናፍጣውን ታሳልፋለች፤ ቁልፉ ሲዘጋ ስፕሪንግ መዝጊያውን ይመልሰዋል፤ ሞተሩም የሚጠፋው ናፍጣ ስላጣ ነው። ባለቤቱ ይህንን ራሱ ሊያረጋግጥ ይችላል። ጸጥ ባለ ቦታ ኮፈኑን ከፍቶ አንድ ሰው ቁልፉን ሞተሩ ሳይነሣ ቢከፍትና ቢዘጋ፣ ፖምፓው ዘንድ «ጠቅ» የምትል ድምፅ ይሰማል። የተደበቀው ማጥፊያ መቆም ያለበት ወደዚህች ሶሌኖይድ በሚሄደው ሽቦ ላይ ነው። ያኔ ሌባው ቢገፋውም፣ ቢያንከባልለውም፣ ሞተሪኖውን በቀጥታ ቢያዞረውም ሞተሩ ይዞራል እንጂ አይነሣም።

ከደንበኞቼ የአንዱ ደብል ጋቢና የዳነው በዚህ ነበር። ጠዋት ወደ ሥራ ሊወጣ ሲል መኪናውን ካቆመበት ቦታ አጣው፤ ወደ ታች ወርዶ ሲያይ ግን ከቁልቁለቱ መጨረሻ የሰው አጥር ተደግፎ ቆሞ አገኘው። ወደ እኔ ተጎትቶ ሲመጣ የግራ በሩ ጎማ ተገንጥሎ፣ ኳድሮው (ቁልፉ ገብቶ የሚዞርበት ክፍል) ተሰብሮ፣ ከዳሽቦርዱ ሥር ያለው ሽቦ እፍኝ በእፍኝ ተስቦ ወጥቶ፣ የተወሰነውም ተልጦ እርስ በርሱ ተቋጥሮ ነበር። ሁለተኛ ማርሽ ላይ እንዳለ ነው የተተወው። የደበቅናት ትንሽ ማጥፊያ ከነካኩት ሽቦ ብዙም ሳትርቅ ተቀምጣ ነበር፤ አላገኟትም። ጸሐፊው እንደመከሩት ሞተሪኖው ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ መኪናው ከቁልቁለቱ እኩሌታ ላይ ተነሥቶ ይሄድ እንደነበር አልጠራጠርም።

ሶሌኖይዷ የምትወስደው ኤሌክትሪክ አነስተኛ ስለሆነ ትልቅ ማጥፊያ አያስፈልግም፤ ነገር ግን ሥራው በጥንቃቄ መሠራት አለበት። ሽቦው ተጠማዝዞ በፕላስተር የሚጠቀለል ሳይሆን በቆርቆሮ ተበይዶ መያያዝ አለበት፤ ማጥፊያውም በንዝረት የማይላቀቅ መሆን አለበት። ይህን አጥብቄ የምለው መኪናው በጉዞ ላይ ሳለ ሽቦው ቢለቅ ሞተሩ በድንገት ስለሚጠፋ ነው። በእነዚህ ሞተሮች ላይ ፍሬኑን የሚያቀለው ቫኪዩም ፓምፕ ከዲናሞው ጋር አብሮ የሚዞር በመሆኑ፣ ሞተሩ ከጠፋ ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ፍሬኑ ይከብዳል፤ መሪውም ይከብዳል። በዓባይ በረሃ ቁልቁለት ጭነት ይዞ ለሚወርድ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ማጥፊያው የሚደበቅበትንም ቦታ እኔ እዚህ አልጽፍም፤ ባለቤቱና የሠራው ሰው ብቻ ሊያውቁት ይገባል።

ደግሞም ኮፈኑ በቀላሉ የሚከፈት ከሆነ፣ የሚያውቅ ሰው ከባትሪው በቀጥታ ሽቦ ስቦ ሶሌኖይዷ ላይ ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ ኮፈኑ በሰንሰለትና በጓጉንቸር ወይም በተጨማሪ መቆለፊያ መታሰር አለበት፤ የሚቻለው ሰው ደግሞ ሶሌኖይዷን በብረት ቆብ አስሸፍኖ ቆቡ ያለ ልዩ መፍቻ እንዳይወጣ ቢያደርግ የተሻለ ነው። ኮፈኑን መቆለፍ ባትሪውንም ያድናል። ባትሪ ከሙሉ መኪና ይልቅ ቶሎ ቶሎ የሚሰረቅ ዕቃ መሆኑን የሰፈር ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ሩቢኔቱን በተመለከተ ጸሐፊው ያሰቡት ውጤት አይገኝም። ከሩቢኔቱ እስከ ፖምፓው ባለው ቱቦና ፊልትሮ ውስጥ የቀረው ናፍጣ ሞተሩን አስነሥቶ የተወሰነ መንገድ ያስኬደዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚቆመው። መኪናው ከሰፈር ወጥቶ ሌባው በሚመርጠው ጨለማ ቦታ ይቆማል ማለት ነው፤ በዚያም በሰላም ባትሪውንና ጎማውን ይፈታል። ባለቤቱ ሩቢኔቱን መክፈት በረሳ ቁጥር ደግሞ አየር ወደ መስመሩ ይገባና፣ ፊልትሮው አናት ላይ ያለችውን የእጅ ፖምፕ እየተጫነ አየሩን ማስወጣት ሊኖርበት ነው። እኔ ለማንም አልመክረውም።

የመሪ ቁልፍ ከንቱ ወጪ ነው ለሚለው ሦስተኛ ነጥብ መልሴ አጭር ነው። ብረቱ እንደሚቆረጥ፣ አንዳንዴም ሌባው ብረቱን ትቶ የመሪውን ጎማ እንደሚቆርጥ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ መቁረጡ መሣሪያ፣ ጊዜና ድምፅ ይጠይቃል፤ ሌባ ደግሞ ሦስቱንም አይወድም። እኔ ከመሪው ይልቅ የፍሪሲዮኑንና የፍሬኑን ፔዳል አንድ ላይ የሚይዘውን ቁልፍ እመርጣለሁ፤ ጎንበስ ብሎ በጠባብ ቦታ መጋዝ ማንቀሳቀስ አስቸጋሪ ነውና። ፍሪሲዮን መርገጥ ካልቻለ ማርሽ ማስገባትም መገፋቱም ያስቸግረዋል።

ጸሐፊው ይህን ሲያጣጥሉ በአሮጌ ፒክአፕ ላይ የመሪው የራሱ መቆለፊያ ምን ደረጃ ላይ እንዳለ አላነሡም። ለብዙ ዓመት በአቧራ ሲሠራ የኖረ ኳድሮ ውስጡ ያሉት ትንንሽ ጥርሶች ይበላሉ፤ ቁልፉም ይሳሳል። ቁልፉ ሞተሩ እየሠራ ከኳድሮው የሚወጣ ከሆነ፣ ወይም የሌላ ቶዮታ ቁልፍ ትንሽ ሲነቀነቅ የሚያዞረው ከሆነ፣ ያ መኪና ቁልፍ የለውም ማለት ይቻላል። እያንዳንዱ ባለቤት ዛሬውኑ ይህንን ይሞክር። ኳድሮው ከነሲሊንደሩ መቀየር አለበት፤ የድሮው ቁልፍ ተቀርጾ የስንት ሾፌርና የስንት ረዳት ኪስ ውስጥ እንደቀረ ማንም ስለማያውቅ፣ መቀየሩ በአንድ ጊዜ ሁለት ችግር ያቃልላል። የበሮቹ ቁልፍና የጋቢናው የኋላ ተንሸራታች መስታወት መያዣም እንደዚሁ መታየት አለባቸው።

ጂፒኤስን በተመለከተ የጸሐፊው አራተኛ ነጥብ ከመከላከያና ከፍለጋ አንዱን ከሌላው ይቀላቅላል። ጂፒኤስ መኪናውን አያቆመውም፤ የት እንዳለ ይናገራል፤ ያንንም የሚናገረው ውስጡ ባለው ሲም ካርድ አማካይነት ነው። ባለቤቱ ሂሳብ መሙላት ከረሳ፣ መኪናው ኔትወርክ ወደሌለበት ቦታ ከወጣ፣ ወይም በቆርቆሮ በተከበበ መጋዘን ከገባ መሣሪያው ዝም ይላል። የራሱ መጠባበቂያ ባትሪ ከሌለው ደግሞ የመኪናው ባትሪ ገመድ ሲፈታ አብሮ ይሞታል። ባለቤቱ እንቅልፍ ላይ ሆኖ ስልኩ ጠዋት ሲነግረው ፒክአፑ ምናልባት ተፈትቷል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለዚህ ነው።

እርግጥ ነው፣ ብዙዎቹ መሣሪያዎች በስልክ ትእዛዝ ሞተሩን የሚቆርጥ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማጥፊያ) አላቸው። ሲገጠሙ ያየኋቸው አብዛኞቹ ግን ሪሌውን ያሰሩት በሞተሪኖው ሽቦ ላይ ነበር፤ ይህም ከላይ የተናገርኩትን ስሕተት በውድ ዋጋ መድገም ነው። በሶሌኖይዷ ሽቦ ላይ የታሰረ ሪሌ ግን ይሠራል፤ ታዲያ በሥራ ላይ የሚውለው መኪናው ቆሞ ሳለ ብቻ መሆን አለበት። መኪናው እየሄደ ሳለ ቆርጦ ማጥፋት ፍሬኑንና መሪውን ስለሚያከብድ በመንገድ ላይ ያለን ንጹሕ ሰው ሊገድል ይችላል፤ ማንም የተናደደ ባለቤት ስልኩን አንሥቶ ይህን እንዳያደርግ እለምናለሁ። በተረፈ ጂፒኤስ ጥሩ ነገር ነው፤ ከተደበቀው ማጥፊያ በኋላ ሁለተኛ ሆኖ ቢገባ አልቃወምም። ለረጅም ጊዜ ለሚቆም መኪና ግን መሣሪያው ቀስ በቀስ ባትሪውን እንደሚያደክም መታወቅ አለበት።

አምስተኛው ነጥብ በከፊል የምቀበለው ነው። ግቢ ውስጥ ማሳደር ከመንገድ ዳር ማሳደር እጅግ ይሻላል፤ መብራት ባለበት ቦታ ማቆምም እንዲሁ። «አይነካም» የሚለው ቃል ነው የከበደኝ። ሌሊቱን ሙሉ በአንድ ካፖርትና በአንድ ዱላ የሚያድር ዘበኛ፣ ብዙ ጊዜም ዕድሜው የገፋ ሰው፣ ተደራጅተው ከሚመጡ ሰዎች ጋር እንዲታገል መጠበቅ የእርሱን ሕይወት ለመኪና አሳልፎ መስጠት ነው። መኪናው ራሱን የሚከላከል ከሆነ ዘበኛውም ይድናል፤ መጮህ ይበቃዋል።

በዚህ ነጥብ ላይ ጸሐፊው የዘነጉት ትልቅ ነገር ግን ሌላ ነው። ብዙ ፒክአፕ የሚጠፋው በቁልፉ ነው። ላቫጆ ቤት ቁልፉን ሰጥቶ ሻይ ሊጠጣ የሚሄድ፣ ጋራዥ ሲያስገባ ሁሉንም ቁልፎች በአንድ ማንጠልጠያ የሚያስረክብ፣ ሾፌር ሲቀይር ኳድሮ የማይቀይር፣ ትርፍ ቁልፉን በበሩ ጀርባ ምስማር ላይ የሚሰቅል ባለቤት ስንት ነው! «ልግዛው፣ እስቲ ልንዳው» ብሎ የመጣን የማያውቀውን ሰው ለብቻው የሚያስነዳም አለ፤ መታወቂያውን ሳያይ፣ አጠገቡ ሳይቀመጥ። መኪናውን ከነሾፌሩ በኮንትራት ወደ ሩቅ ቦታ የሚያከራይ ሰው ደግሞ ከንብረቱ በፊት የሾፌሩን ነፍስ ማሰብ አለበት፤ ተከራዩ ማን እንደሆነ፣ መታወቂያው ትክክለኛ መሆኑን፣ ወዴት እንደሚሄዱና መቼ እንደሚደርሱ የሚያውቅ ሦስተኛ ሰው ሊኖር ይገባል። በእንዲህ ዓይነቱ ስርቆት ሰው ሞቷል፤ ስለ ፔዳል ቁልፍ ስጽፍ በአእምሮዬ ያሉት እነርሱም ናቸው።

ሙሉ መኪናው ባይሄድም ዕቃው ይሄዳል። የሃይሉክስ መጠባበቂያ ጎማ ከካሶኒው ሥር በሰንሰለት ተንጠልጥሎ የሚቀመጥ ሲሆን፣ ከኋላ በኩል ባለች ቀዳዳ ዘንግ አስገብቶ በማዞር ይወርዳል፤ ይህን ለማድረግ የመኪናው ቁልፍ አያስፈልግም። ጎማውን ከሻንሲው ጋር በወፍራም ሰንሰለትና ጓጉንቸር ማሰር ወይም ቀዳዳዋን በመቆለፊያ መዝጋት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። በስፖኪዮው መስታወት፣ በመብራቶቹና በበሮቹ መስታወት ላይ የታርጋ ቁጥሩን ማስቀረጽም ዋጋው ትንሽ ሆኖ ዕቃውን ለሻጭ ከባድ ያደርገዋል።

ኢንሹራንስ አለ የሚለው የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ሰው የሚያምነው ስለሆነ በጥሞና መመለስ አለበት። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ለማንኛውም ተሽከርካሪ ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን ነው። ይህ መድን መኪናው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ሞት፣ የአካል ጉዳትና የንብረት ጉዳት የሚከፍል ሲሆን፣ መኪናው ራሱ ቢሰረቅ ለባለቤቱ አምስት ሳንቲም አይከፍልም። የአሮጌ ፒክአፕ ባለቤቶች ብዙዎቹ ያላቸው ይህ ብቻ ነው፤ ዓረቦኑን ስለከፈሉና ወረቀቱን መስታወቱ ላይ ስለለጠፉ ግን መድን የገቡ ይመስላቸዋል፤ የሦስተኛ ወገን መሆኑን የሚያስተውሉት ከተሰረቁ በኋላ ነው።

ሙሉ ሽፋን የገባ ሰውስ? እዚህም ዋጋው ወሳኝ ነው። ባለቤቱ ከዓመታት በፊት በነበረው ዋጋ መድን ገብቶ በየዓመቱ ያንኑ እያሳደሰ ከሆነ፣ ድርጅቱ የሚከፍለው በውሉ ላይ ከተጻፈው ጣሪያ አይበልጥም። ለምሳሌ የዛሬ ዋጋው 2 ሚሊዮን ብር የሆነ ፒክአፕ በ1 ሚሊዮን ብር ዋስትና ከገባ፣ ቢሰረቅ ባለቤቱ ግማሹን ከኪሱ መሙላት አለበት፤ የተሰረቀው ዕቃ ብቻ ከሆነም መድኑ ከመኪናው ዋጋ በታች ስለሆነ ክፍያው በዚያው መጠን ተቀንሶ ሊሰላ ይችላል። ቁልፉን መኪናው ላይ ትቶ መሄድን የመሰለ ቸልተኝነት ሲኖር ውሉ ምን እንደሚል ማንበብም የባለቤቱ ፈንታ ነው። ሌላም አለ፤ በፒክአፑ የሚተዳደር ሰው ካሳው እስኪከፈለው ድረስ ያጣውን ገቢ የሚተካለት የለም።

ስለዚህ ከስርቆቱ በፊት መዘጋጀት ያለበት ማስረጃም አለ። የሻንሲ ቁጥሩ በፊት ለፊት ቀኝ ጎማ አካባቢ በሻንሲው ብረት ላይ ተቀርጿል፤ ብረቱን ከጭቃና ከቅባት አጽድቶ፣ ወረቀት ለጥፎ በእርሳስ በማሸት ቅጂውን ማንሣት ይቻላል። የሞተር ቁጥሩ፣ የሊብሬው ቅጂ፣ የመኪናው ፎቶ ከነጭረቱና ከነብየዳው፣ የተቀየሩ ዕቃዎች ደረሰኝ ሁሉ ከመኪናው ውጪ መቀመጥ አለባቸው። ሊብሬውን ዳሽቦርዱ ውስጥ የሚተው ሰው ለሌባው መኪናውን ከነሰነዱ እያስረከበው ነው። ፖሊስ ጣቢያ ሲደረስ እነዚህ በእጅ ካሉ ክትትሉ የሚጀምረው በዚያው ሰዓት ነው።

ጸሐፊው ለአንድ አሮጌ መኪና ይህ ሁሉ ወጪ ይበዛል ሊሉ ይችላሉ። የተደበቀው ማጥፊያ ከነሥራ ዋጋው፣ የኮፈን ሰንሰለቱ፣ የመጠባበቂያ ጎማው ጓጉንቸርና የመስታወቱ ቅርጽ ተደምረው ከአንድ አዲስ ባትሪ ዋጋ ብዙም አይርቁም፤ የኳድሮ ቅያሬው ይጨመርበታል። ጂፒኤሱ ለሚችል ይቆይ። ቅደም ተከተሉን ለሚጠይቀኝ ሰው ግን መጀመሪያ ኳድሮውን፣ ቀጥሎ የሶሌኖይዷን ማጥፊያ፣ ከዚያ ኮፈኑን እለዋለሁ።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን መልሰው የሚያርሙ ከሆነ፣ ሌላውን ሁሉ ለአንባቢ ፍርድ ቢተዉት እንኳ ስለ ሞተሪኖው ሽቦ የጻፉትን ክፍል ሳይውሉ ሳያድሩ እንዲያስተካክሉ እጠይቃቸዋለሁ። ምክራቸውን ተቀብለው ማጥፊያ ያስገጠሙ ባለ ናፍጣ መኪናዎችም ወደ ሠራላቸው ኤሌክትሪሺያን ተመልሰው ሽቦው የሞተሪኖው ይሁን የፖምፓው እንዲያሳያቸው ይጠይቁት፤ የሞተሪኖው ከሆነ ማጥፊያውን ሳይቀይሩ ሽቦውን ወደ ሶሌኖይዷ ማዛወር ይቻላል።